አሚ ሐምድ ሲመጡ ሞተር ይጠፋል

ሙሰለም ወደ ጋራዤ የመጣው ከስምንት ወር መጥፋት በኋላ ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ የጋራዤ በር ላይ ስለምትተኛው ድመት ሳይቀር ጠየቀኝ። ለሁሉም "አልሐምዱሊላህ" እያልኩ መለስኩ። ከኋላው ነጩን ፓትሮል መኪናውን በጭነት መኪና ጭኖ ማምጣቱን ሳይ ልቤ ዘለለች።

"አቡ ዘሃራ፣" አለኝ፣ "ዘንድሮስ አንተ ፈተህ የሠራኸውን ሞተር አልፈልግም። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ግጠምልኝ።"

የዘለለችው ልቤ እንደ ድንጋይ ወደቀች።

ስሜ ይመር ነው፤ እዚህ ግን በልጄ ስም አቡ ዘሃራ ነው የሚሉኝ። ዐረብ አገር፣ ዐል ዐይን ከተማ፣ ሰናዕያ በሚሉት የጋራዦች ሰፈር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ሠርቻለሁ። የፋብሪካ ሞተር ሰው ገበያ እንዲሄድበት፣ ልጁን ትምህርት ቤት እንዲያደርስበት የታሰበ ነው። እኔ እሱን አወርድና ፒስተኑንና ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቢዬላውን፣ አውጥቼ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ እተካበታለሁ። አየር የሚነፋለት ትልቅ ቱርቦ እጭንበታለሁ። ሦስት መቶ የማይሞላ የነበረው የፈረስ ጉልበት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ይሆናል። ለእኔ የፋብሪካ ሞተር ግጠም ማለት፣ ድግስ ጠርተህ የሱቅ ዳቦ አቅርብ እንደማለት ነው።

ግን አፌን ሞልቼ የምናገርበት ጊዜ አልነበረም። አምና በጥር፣ ጎሣው በየዓመቱ በሚያደርገው የመኪና ውድድር፣ ሙሰለም ሐምራ የሚባለውን የአሸዋ ተራራ ሊወጣ የተነሣው በእኔ ሞተር ነበር። ሩብ መንገድ ሳይሄድ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ደርቆ ቀረ። መኪናው በጎሣው ሁሉ ፊት እንደ ሞተ ግመል ተጎትቶ ወረደ። ፊልሙን በስልኩ ያላየ ሰው የለም። "የአቡ ዘሃራ ሞተር ተራራ ግርጌ ይሞታል" ተባለ። በወር ስምንት ሞተር ስሠራ የነበርኩ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሞተር አልመጣልኝም። ዘይት ቀያሪ ሆንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ተምሬ ዘይት ቀያሪ!

የሞተውን ሞተር ራሴ ነበርኩ የከፈትኩት። ስድስቱም ፒስተኖች ጎናቸው ተልጦ ነበር። ክፍተታቸውን ሦስት ጊዜ ለክቼ ነበር የገጠምኳቸው፤ ልኬቴን አውቀዋለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅሁም። ዘይቱን ሰደብኩ፣ ነዳጁን ሰደብኩ፣ ሙሰለምን በልቤ ሰደብኩ።

አሁን ፊቴ ሲቆም ንዴቴ መጣ። "ቁጭ በል፣" አልኩት። ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ አስመጣሁና በተጋደመ ጎማ ላይ አስቀመጥኩለት። "አምና ጠዋት የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።"

"ስንቴ ልንገርህ? እንዳልከኝ አሞቅኩት። ሙቀቱ ዘጠና ሲደርስ ተራ ያዝኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ቁጥሬ ሲጠራ ወዲያው ነዳጅ ሰጠሁ።"

"በመካከል ምን ሆነ?"

"ምንም።" ሻዩን ፉት አለ። "አሚ ሐምድ መጡ፣ ሰላም አልኳቸው።"

"ሞተሩ እየሠራ?"

ስድብ ከአፌ እንደወጣ አድርጎ አየኝ። "አንተ ሰው አብደሃል? የጎሣችን ታላቅ ናቸው። ጆሮአቸው ደክሟል። እሳቸው ሲመጡ ሁሉም ሰው ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል። እየጮኸ ያለ ሞተር አጠገብ ቆሜ ሰላም ስላቸው፣ አልሰማዎትም፣ አያገባኝም ማለት አይደለም?"

"ስንት ደቂቃ?"

"እንዴት ይቆጠራል? አፍንጫ ለአፍንጫ ተሳሳምን፣ ወሬ ጠየቁኝ፣ ጠየቅኋቸው። ከኋላቸው አሥራ ስድስት ሰው ነበር፣ ሁሉንም በተራ። ከዚያ ተምርና የግመል ወተት መጣ። ትቼ ልሂድ?"

"ሙሰለም፣ ስንት ደቂቃ?"

"አርባ... ሃምሳ ይሆናል።"

"ኮፈኑስ?"

"ኮፈን የት አለው? ለክብደት ብለህ ያነሣኸው አንተ ነህ።"

በልቤ ደመርኩት፦ የበረሃ የጥር ጠዋት ነፋስ፣ ክዳን የሌለው ሞተር፣ ሃምሳ ደቂቃ። ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን ሲሞቅ ያብጣል፤ ስለዚህ ሲገጠም ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውለታል። ሳይሞቅ ከጋለቡት ሰፊ ጫማ አድርጎ እንደሚሮጥ ሰው ወዲያና ወዲህ እየተንገላታ ግድግዳውን ይልጣል። ይህን ለሙሰለም ነግሬው ነበር። ማሞቅ እንዳለበት ነገርኩት፣ አሞቀ። መልሶ እንዳይቀዘቅዝ ግን አልነገርኩትም፤ ሞተር አሙቆ የሚያጠፋ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

"ያሞቅከው ሁሉ ቆመህ ሰላም ስትል በረደ፣" አልኩት። "ሞተሩን የገደለው ሰላምታችሁ ነው።"

ሳቀ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ገባውና ሳቁን አቆመ።

ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እኔ አሁንም በእጄ የተሠራ ሞተር ነበር የምፈልገው፤ ኮፈን ብመልስበትም ግን በዚያ ነፋስ ሃምሳ ደቂቃ ሙቀት አይዝም። "አሚ ሐምድ ሳይመጡ ቀድመህ ውጣ" አልኩት። "ተራው በዕጣ ነው" አለ። "ሌላ ሰው ከመኪናው ጋር ራቅ ብሎ ያሙቅ" አልኩት። "ተራ የያዘ መኪና ከመስመሩ ከወጣ ተራው ያልፋል" አለ። "በቃ ዘንድሮ ብቻ ከመኪናው ሳትወርድ እጅህን አውጥተህ ጨብጣቸው" ስለው ለሁለት ቀን ስልኬን አላነሣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከሁለታችን ሞኙ ማን እንደሆነ ግን እያደር ተጠራጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እንዲህ አለኝ፦ "አቡ ዘሃራ፣ እኔ ሐምራን ብወጣም ባልወጣም በማግስቱ አሚ ሐምድን አገኛቸዋለሁ። መኪናው ይቅር ካልክ ይቀራል።"

እውነት ነበረው። እኔ ደግሞ ሌላ ደንበኛ አልነበረኝም። ይህ መኪና ዳግም ግርጌ ላይ ቢቀር ከእንግዲህ ሞተር ክፈትልኝ የሚለኝ ሰው አይኖርም፤ ይህን እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ለዚህ ሰው የሚሆነው ሞተር ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተነሥቶ ወዲያው የሚጋልብ ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ ፋብሪካው ሠርቶታል። ፒስተኑ ብዙ ስለማያብጥ ጠበብ ተደርጎ ነው የተገጠመው፤ ብርዱን ይችላል። የማይችለው የበዛ ጉልበት ነው፤ ያኔ ቢዬላው ይታጠፋል።

"እሺ፣" አልኩት። "የፋብሪካው ይሁን። ግን ስምንት መቶ ፈረስ ነው የምሰጥህ፤ አንዲት አልጨምርም።"

"በስምንት መቶ ሐምራን የወጣ ሰው የለም።"

"እናንተ ስላልሞከራችሁ ነው።"

እልህ ያዘኝ። ደህና የሆነ የፋብሪካ ሞተር ፈልጌ ገዛሁ፤ ፒስተኑንና ቢዬላውን ሳልነካ ቱርቦውን ብቻ ጫንኩበት። ቢዬላን የሚያጥፈው ሞተሩ ገና በዝግታ ሲዞር የሚመጣ ድንገተኛ ግፊት ነው። ስለዚህ ቱርቦው መጀመሪያ ላይ በልኩ እንዲነፋ፣ ሙሉ አቅሙን ሞተሩ በፍጥነት መዞር ሲጀምር ብቻ እንዲሰጥ አደረግሁት። ከመኪናው ላይ ደግሞ ቀነስኩ፦ የኋላ ወንበር፣ መስታወት፣ በሮቹ፣ የሙሰለም ውድ የሙዚቃ ዕቃ። ሙዚቃው ሲነቀል ፊቱን አዞረ። በጉልበት መለኪያው ላይ ስናስሮጠው ስምንት መቶ አሥራ ሁለት አሳየ።

"ሃምሳ ብቻ ጨምርልኝ፣" አለ።

"አልጨምርም።"

"ሃያ።"

"አሥራ ሁለቱንም በስሕተት ነው ያገኘኸው። ውጣልኝ ከዚህ።"

ጥር ደረሰ። ሐምራ ግርጌ ስንቆም የሙሰለም አክስት ልጅ ጋንም ተራው ቀድሞ ነበርና ባለ አንድ ሺህ አራት መቶ ፈረሱን አስጓርቶ በዘጠኝ ሰኮንድ ጫፍ ደርሶ ተመልሷል። የእኛን መኪና ዞሮ ዞሮ አየ።

"ታክሲ ነው? ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በጠቅላላ?"

"ላንተ በነፃ ነው፣" አለው ሙሰለም። "ለአክስቴ ስል።"

ሞተሩን አሞቅነው። ሰባተኛ ነበርን። አምስተኛው ወጣ፤ ስድስተኛው አጋማሹ ላይ አሸዋ ውስጥ ሰጠመና ገመድ ይዘው ሮጡ። ያኔ ነው አሚ ሐምድ በዱላቸው አሸዋውን እየወጉ፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ነፋስ እያራገበው የመጡት። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ አሉ። ከግርጌው መስመር ሞተሮች አንድ በአንድ ጠፉ። ሙሰለም ወደ እኔ እንኳ ሳያይ ቁልፉን አዞረና ወረደ።

እኔ ከመኪናው ጎን እንደቆምኩ ቀረሁ። ሠራተኛ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ውድድሩ ቦታ ስመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሰላምታ መስመር ላይ ቆሜ አላውቅም፣ የጠራኝም የለም። የሚቀዘቅዝ ብረት ጠቅ ጠቅ ይላል። እሱን እያዳመጥኩ ቆየሁ። ሙሰለም አሥራ ስድስቱንም ሳመ። ተምር በላ። ወተት ጠጣ። ጠቅ ጠቁ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። እጄን ሞተሩ ላይ ሳሳርፈው ለብ ብሏል። 

በመጨረሻ ዳኛው "ቁጥር ሰባት" አለ። ሙሰለም ሊመጣ ሲነሣ አሚ ሐምድ ክንዱን ያዙት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሙሰለም በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሽማግሌው ዱላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ መራመድ ጀመሩ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእሳቸው ሩቅ ነበር። ዳኛው የመነሻ ሰንደቁን ሳያነሣ ጠበቃቸው። 

እጄ ዘይት ነበር። በሱሪዬ ጠረግሁት። አሚ ሐምድ ትከሻዬን ይዘው አፍንጫቸውን አፍንጫዬ ላይ ሦስት ጊዜ አስነኩኝ።

"አምና ሞተርህን የገደልኩት እኔ ነኝ ይላል ይህ ልጅ።"

"አልገደሉትም አባቴ። ሞተር እንደገና ይሠራል።"

"ምን?"

"ሞተር እንደገና ይሠራል!" ብዬ ጮኽኩ። ጋንም ሲስቅ ሰማሁት።

"አልሐምዱሊላህ። አባትህ እንዴት ናቸው?"

"ሞተዋል፣ አላህ ይዘንላቸው።"

"አላህ ይዘንላቸው። እናትህስ? ልጆችህ? አገራችሁ ዝናቡ እንዴት ነው? ከብቱ ጠግቧል?"

ይህንን ሰላምታ አራት ወር ሙሉ ስረግመው ነበር። አሁን ሙሰለም መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አስሯል፣ ሞተሩ በነፋስ ቀዝቅዟል፣ የቀረችኝ ስም በሰንደቅ ጫፍ ተንጠልጥላለች። አንዲት ቃል ግን አላሳጠርኩም። ስለ እናቴና ስለ ልጄ ነገርኳቸው፣ ስለ ወሎ ዝናብ ነገርኳቸው፣ ስለ ከብቱ ነገርኳቸው፤ እኔም በተራዬ ስለ ግመሎቻቸው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቅሁ። ስለ ወላጆቼና ስለ አገሬ ሰው ከጠየቀኝ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንባዬ መጣ፣ በነፋሱ አመካኘሁ።

ጨርሰን ወደ መኪናው ዞርን፤ እጄን አልለቀቁም። አንገቴን ለዳኛው ነቀነቅሁ። ሙሰለም ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ሰንደቁ ተነሥቶ ወረደ።

አነሣሡ እንደ ጋንም አልነበረም፤ ከኋላ አንድ ሰው "ታክሲ!" አለ። ሩቡ ላይ፣ አምና በቀረበት ቦታ ሲያልፍ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈ። ግማሹ ላይ ሞተሩ ፍጥነቱን አገኘ፣ ቱርቦው ሙሉውን ነፋ፣ አሸዋው ከኋላው እንደ ግድግዳ ቆመ። ከጫፉ በታች፣ ተራራው በጣም ቀጥ የሚልበት ላይ ዘገየ። ሲዘገይ ሁሉም አየ። ሃምሳ ፈረስ ብጨምርለት ኖሮ አልኩ በልቤ። ያኔ ግን ቢዬላው ይታጠፍ ነበር። አንዱ የፊት ጎማ ከጫፉ በላይ ታየ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ መኪናው በሙሉ በወዲያኛው በኩል ጠፋ።

ግርጌው በጩኸት ተናወጠ። በኋላ አሥራ አራት ሰኮንድ ተባለ፤ ከጋንም አምስት ሰኮንድ ይዘገያል። ያን ጊዜ ግን ቁጥሩን የጠየቀ አልነበረም። ጋንም ራሱ ወደ እኔ ዞሮ "ሰኞ ጋራዥ ትኖራለህ?" አለኝ።

አሚ ሐምድ እጄን ጎተት አደረጉኝ። ዓይናቸው ያን ያህል ሩቅ አያይም።

"ወጣ?"

"ወጣ አባቴ!" አልኳቸው፣ ጆሮአቸው ሥር ጮኼ።

"ወጣ፣" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ዱላቸውን አሸዋው ውስጥ ተከሉና ወደ እኔ ዞሩ። "የልጅህን ስም ማን አልከኝ?"

ከስሟ ጀምሬ ሁሉንም እንደገና ነገርኳቸው።