የሙሽራዋ ችካል

አንሶላ ማጠብ ሰልችቶኛል። እንግዳ ይመጣል፣ ያድራል፣ ያቆሽሻል፣ ይሄዳል፤ እኔ አጥባለሁ። ወረዳችን እንደሆነ ከዚህ ሌላ ሥራ የላትም። ወታደር አሳድረናል፣ ነጋዴ አሳድረናል፣ ስደተኛ አሳድረናል። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ሰው መጥቶ «ድንበሩ የት ነው?» ይለናል። የት እንደሆነ ብናውቅ እኛስ ምን በወጣን!

የኔ አልጋ ቤት የመንገዱ መጨረሻ ነው። ከፊቱ ዋናው መንገድ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፤ ከጀርባው ደረቁ ወንዝ። ከወንዙ ማዶ ጉብታ አለ፣ ጉብታው ላይ የአባቴ ቤት። የተወለድኩት እዚያ ነው። ማዶ ሌላ አገር ነው ይሉናል። ቋንቋው አንድ፣ ስድቡ አንድ፣ ጉንፋኑ እንኳ አንድ ነው፤ እነሱ ካስነጠሱ በሳምንቱ እኛ አልጋ ላይ ነን።

የኛ ሰው ደግሞ ጉደኛ ነው። ድሮ መንግሥታቱ በወንዙ ዳር የሲሚንቶ ችካል ተክለው ሄዱ። ሰዉ ግን መጋባቱን አልተወም። አንዲት ልጅ ወንዙን ተሻግራ ስትዳር አባቷ «ልጄን ሰጠሁ እንጂ አገሯን አልሰጠሁም» ይልና፣ በሠርጉ ማግስት ከወንድሞቹ ጋር ችካሉን ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ቤቷን አልፎ ከደጇ ይተክለዋል። እንግዲህ ሙሽራዋ ባሏ ቤት ሆና በአባቷ አገር ናት ማለት ነው። የዚህኛው ወገን አባቶችም ሴት ልጃቸው ማዶ ስትዳር ያንኑ ያደርጉ ነበር። ድንበር ጠባቂዎቹ ምን ቸገራቸው! ሠርጉ ላይ ጠግበው ከጠጡ አንዳንዴ ራሳቸው ያሸክሙ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ድንበራችን አንጀት መሰለ።

አባዬም ለኔ አደረገው። ባሌ አናጢ ነው፤ ያን ቀን በመስኮት እያየ «አማቼ ቤቴን ከነሚስቴ ይዞ ሊሄድ ነው!» ብሎ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ችካሉ ላይ ገመድ አሰረበትና ልብስ ማስጫ አደረግነው። የሌሎቹን ሙሽሮች ችካል ከፊሉን ጎርፍ ወሰደው፣ ከፊሉም የቤት ደረጃ ሆኖ ቀረ። የኔ ብቻ ከነገመዱ ሠላሳ ዓመት ቆመ።

ባለፈው በጋ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ ተባለ። እሰይ አልን። ለካ እርቁ አጥር ይዞ ኖሯል!

ቀያሾቹ ከሁለቱም ዋና ከተማ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። አለቃቸው ምሳ ሲበላ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም፤ ባለ ኮፍያው እንለዋለን። ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ችካል ሲፈልጉ ውለው እሾህ ቦጫጭሯቸው ይመለሳሉ። «እትዬ፣ አንድ ችካል እንኳ ይጥፋ?» ይለኛል ፊቱን እየታጠበ። ፎጣውን የሰቀለው ችካሉ ላይ ነው። የተኛበት አንሶላም እዚያው ላይ ይደርቃል። እኔ ውሃውን አፈስለታለሁ፣ አፌን ይዤ።

ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። እራት ላይ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ችካል ከተገኘ ድንበሩ እሱ ነው፤ ካልተገኘ፣ ወይም ሲተከል በዓይኑ ያየ ሽማግሌ «ቦታው ይሄ አይደለም» ብሎ ከመሰከረ፣ ወንዙ ነው። በዚያው ላይ ሽቦ ይዘረጋል። ችካሉ ከጸና ሽቦው የሚያልፈው በደጄና በመንገዱ መሃል ነው። ባሌ ኩላሊቱን ታሟል፤ በየሁለት ቀኑ ትከሻዬን ተደግፎ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። መንገድ ለመሻገር እንኳ ሁለት ቦታ የሚያርፍ ሰው በየት በኩል ፈቃድ ለምኖ ይታከማል? ይሄን ሳስብ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ።

አንድ ቀን ነፋስ አንሶላውን ገለበጠው። ባለ ኮፍያው ሻዩን እንደያዘ ቀጥ አለ። ሄዶ የሳሙናውን ቅርፊት በጥፍሩ ሲፍቀው የመንግሥት ማኅተም ብቅ አለ። «እትዬ፣ ይሄ መቼ እዚህ ተተከለ?» አለኝ። «እኔ ስገባ ነበረ» አልኩት። በእርግጥ አልዋሸሁም፣ በማግስቱ ነበረ።

ችካሎቹ ሲተከሉ ሲሚንቶ ካቦኩት ሰዎች በሕይወት ያለው አንድ ነው አሉት። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባዬ!

በምስክርነቱ ቀን በጠዋት፣ ቀያሾቹ ሳይነሱ፣ በጓሮ በር ገባ። ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ አማረረ። ሻይ ሰጠሁት።

«አባዬ፣ አፈር ስሆንልህ፣ ቦታው ይሄ አይደለም በላቸው።»

«አልልም።»

«ሞቴን!»

«ተይኝ አንቺ ልጅ! ስትዳሪ እናትሽ አልቅሳ ልትሞት ነበር። አገሯ ከደጇ አይወጣም ብዬ ነው ያጽናናኋት። አሁን በገዛ አፌ አሳልፌ ልስጥሽ?»

«ሰውዬውን ግን እየው» አልኩት።

ተናድዶ ተነሳና ወደ ጓዳው ገባ። ባሌ ፊቱ አብጦ ተኝቷል። ድሮ በሳቁ ቤት የሚያናጋው ሰው፣ አሁን አማቹ ሲገባ ቀና ለማለት እንኳ ታገለ። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲወጣ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንዲያው ጠጣው።

ግቢው ሰው ሞላ። ከዚህም ከማዶም መጥተዋል። አባዬ የማን አባት እንደሆነ ቀያሾቹ ብቻ ናቸው የማያውቁት፤ ሌላው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም ዝም። ክንዱን ይዤ ወደ ችካሉ አደረስኩት። በእጁ ዳሰሰው።

«ቦታው ይሄ ነው አባት?» አለ ባለ ኮፍያው።

«ኤዲያ! የምን ይሄ! ወንዙ ዳር ነው የተከልነው።»

«ታዲያ እዚህ ማን አመጣው?»

«ጎርፍ።»

«ጎርፍ ሽቅብ ይወጣል እንዴ?»

«እኛ አገር ይወጣል።»

ሰዉ ሳቁን አፍኖ መሬት መሬት አየ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ያለቀልን መስሎኝ ነበር። ባለ ኮፍያው ግን ወረቀት አወጣ። «ቃልዎ እንዲጸና አንድ ጥያቄ ቀርቷል። በዚህ ቦታ ልጅ ወይም የሥጋ ዘመድ ያለው ሰው ምስክርነቱ አይያዝም። አለዎት?»

ክንዱን እንደያዝኩ ነኝ። ወይ ዘመድ አለኝ ብሎ ቃሉ ይሰረዛል፣ ችካሉም ባለበት ይጸናል፤ ወይ...

«የለኝም» አለ።

«ልጅስ?»

«ልጅ የለኝም።»

«እትዬስ? ደግፈው ይዘውዎት ሳይ...»

አባዬ ቀስ ብሎ ክንዱን ከእጄ አወጣ። «የአልጋ ቤቱ ባለቤት ናት» አለ። «ሻይ ሰጥታኛለች። እግዜር ይስጣት።»

ለኔ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ሰው ለሱ ተብሎም ቢሆን ሲካድ ያመዋል። ከዚያ ወዲያ አባዬ ብዬ ልጠራው አልችልም። «ምንም አይደል አባት» አልኩት፣ እንደ እንግዳ። ዱላውን ይዞ ወንዙን ብቻውን ተሻገረ።

ሽቦው በወንዙ ተዘረጋ፣ ሁለት ድርብ። ድሮ የሚያውቁን ጠባቂዎች ተቀይረው ከሩቅ አገር ልጆች መጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ የኔና የአባዬ ነገር ደግሞ በመንግሥት ፊት አልቋል። ባሌ ትንሽ ሻል ሲለው፣ ሳልነግረው፣ ችካሉን ከደጅ ነቅሎ፣ እያረፈ እያረፈ አንከባሎ ወደ ጓሮ ወሰደልኝ። ከወንዙ ፊት ለፊት ተከለው። ከዚያ ወዲህ አንሶላዬን እዚያ ነው የማሰጣው። አባዬ ጉብታው ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል። ዓይኑ ደክሟል፣ እኔን አይለየኝም፤ ነጩ ጨርቅ ግን ይታየዋል። እንግዳ የሌለ ቀን ንጹሑን አንሶላ ነክሬ አሰጣ ነበር። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ጠዋት በርጩማው ባዶ ሆነ። ረፋድ ላይ ከማዶ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ኬላው ሄድኩ። ጠባቂው ልጅ ነው፣ ትሕትናም አለው። «ምናቸው ነዎት እማማ?» አለኝ። «ልጁ ነኝ» አልኩት። ገብቶ አየ፣ ተመለሰ፤ ለመናገር አፈረ። «ሰውዬው ለመንግሥት በሰጡት ቃል ልጅ የለኝም ብለዋል።»

«አዎ፣ ብሏል» አልኩት። ምን ልበለው? አባቴ ዋሽቶ ነው ብል የቃሉ ነገር እንደገና ይነሳል፣ ቤቴም ይሄዳል። ተመለስኩ። እግሬን እየጎተትኩ ጓሮ ገባሁና፣ የምሠራውን ስላጣሁ እርጡቡን አንሶላ አንስቼ ማስጣት ጀመርኩ።

ሬሳውን ይዘው ከጉብታው ሲወርዱ አየሁ። መቃብሩ በላይ በኩል ነው፤ እነሱ ግን ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ወረዱ። ሽቦውን ተጠግተው ልክ ከኔ ፊት ለፊት ቃሬዛውን መሬት አኖሩት። ማዶ ያለው ጠባቂ ሮጦ መጣ። «ምንድን ነው? ለምን ወደዚህ መጣችሁ?»

«ከብዶን ነው ጌታዬ» አለ አንዱ፤ ችካሌን ከተሸከሙት አጎቶቼ የቀረው እሱ ነው። «ትንሽ እንረፍ።»

በኛ በኩል ያለው ጠባቂም ወደኔ ተጠጋ። «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልብስ እያሰጣሁ ነው ልጄ።»

ችካሉን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ አንሶላው ፊቴን ሸፈነልኝ፤ «አባዬ» አልኩ፣ «አባዬ፣ አባዬ»፣ እስኪያነሱት ድረስ።