ማንጠግቦሽ ቂሟን የተወጣችበት ሜዳ

ማንጠግቦሽ ቂም ስትይዝ አትጮህም፣ አታኮርፍም። እንዲያውም ሰላምታዋ ይበዛል። «እንዴት አደርክ ኃይሌ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ ደህና?» ስትል የሰማ እንግዳ ኃይለኢየሱስን እንደ ወንድሟ የምትወደው ይመስለዋል። የቀበሌዋ የኮንጋ ሰው ግን ያንን ሰላምታ ሲሰማ ቀስ ብሎ ገለል ይላል።

ነገሩ የተጀመረው በባነር ነው።

ማንጠግቦሽ የቀበሌው ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ናት። ከቡና ማጠቢያው በታች ያለውን ዘቅዛቃ ሜዳ መንጥራ ያጸዳችው እሷ ናት። ወላጅ ቡና ለቀማ ሲወጣ ሰብሳቢ አጥተው የሚውሉትን ልጆች ቡድን ያደረገቻቸውም እሷ ናት። ኳሳቸው በገመድ የተቀፈደደ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ነበር፤ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ስለሚሆን በቴስታ የሚሞክረው ጀግና አልነበረም። ቢሆንም ልጆቹ ከክፍል መቅረት ትተው ነበር። የቀረ አይሰለፍማ።

ከዚያ ኃይለኢየሱስ መጣ። ዲላ ላይ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ ፈተና ሲሆን ከኋላዋ ካልተቀመጥኩ የሚል ልጅ ነበር። አሁን የአንድ ድርጅት አስተባባሪ ሆኖ «ኳስ ለልጆች ደኅንነት» የሚባል ፕሮጀክት ይዞ ብቅ አለ። እውነተኛ ኳስ አመጣ፣ ጫማ አመጣ፣ ከልምምድ በኋላ ለየልጁ የሚታደል ዳቦ አመጣ። ማንጠግቦሽ አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት።

በፕሮጀክቱ ምረቃ ቀን ባነሩ ተዘረጋ። «መሥራችና ዋና አሰልጣኝ፦ ኃይለኢየሱስ» ይላል። የእሷ ፎቶ ከታች ጥግ ላይ ተወሽቋል፤ ሥሩ «የእናቶች ተወካይ» ተብሎ ተጽፏል። ማንጠግቦሽ አልወለደችም። አላገባችም።

«ማንጢ፣ እንዳትቀየሚኝ» አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «አሰልጣኝ ለመሆን የሥነ ልቦና ሥልጠና ግዴታ ነው። አንቺ ደግሞ አልወሰድሽም።»

«አንተስ?»

«ቅዳሜና እሁድ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?»

«ከዳር ቆመሽ አጨብጭቢላቸዋ! እሱም ድጋፍ ይባላል።»

አጨበጨበች። ፈገግ ብላ፣ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጆቿን መልሳ መውሰድና ኃይለኢየሱስን አገር እያየው ማዋረድ።

ፕሮጀክቱ የልጆቹን ስሜት የሚለካው በኮን ነበር። ሦስት ባለቀለም የፕላስቲክ ኮኖች ሜዳው ላይ ይደረደራሉ። የተደሰተ አረንጓዴው ጋ፣ እንደነገሩ የሆነ ቢጫው ጋ፣ የከፋው ቀዩ ጋ ሄዶ ይቆማል። የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ አመለወርቅ ከአዲስ አበባ ለግምገማ እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ማንጠግቦሽ ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰበሰበቻቸው።

«ሲጠይቋችሁ ሁላችሁም ቀዩ ጋ ቁሙ።»

በረኛው ሳዳም ጮኸ። «ቀይ? ቲቸር፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ቀይ ካየሁ እኮ ቀጣዩን ጨዋታ አልሰለፍም!»

«የካርድ አይደለም፣ የስሜት ነው።»

«ቢጫው ጋ ሁለቴ ብንቆምስ?» አለች አምበሏ ሀምዲያ። «እሱም ያው ቀይ ነው አይደል?»

እንደምንም አግባባቻቸው። በግምገማው ቀን ሁሉም ጭንቅላታቸውን ደፍተው፣ እንደተባረረ ተጫዋች እግራቸውን እየጎተቱ ቀዩ ጋ ሄደው ተኮለኮሉ። ኃይለኢየሱስ አመድ መሰለ። ማንጠግቦሽ ከዳር ሆና የስንብቱን ደብዳቤ በዓይነ ሕሊናዋ አነበበችው።

ወይዘሮ አመለወርቅ ግን በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። «እግዚኦ! ችግሩ ካሰብነው በላይ ጥልቅ ነው» አሉ። ፕሮጀክቱ ተራዘመ። ለኃይለኢየሱስም ሞተር ተገዛለት።

በአዲሷ ሞተር ደጇ ድረስ መጣ። «ማንጢዬ፣ ማን እንዳስጠናቸው የማላውቅ መሰለሽ?» አለና ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋላት። «ውለታሽን አልረሳም።»

ማንጠግቦሽ በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም። እራትም እንዲሁ።

ኃይለኢየሱስ ግን ትምህርቱን ቶሎ ቀሰመ። ሐዘን እንደሚያበላ ገባው። ግጥሚያ ቀረ፤ ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የደረሰባቸውን ችግር መተረክ ተለማመዱ። ኳሶቹ ጆንያ ውስጥ ታሰሩ። በልምምድ ላይ የሳቀ ልጅ ዳቦው ለሁለት ይገመስበታል። ሳዳም ከተፈጥሮው ሳቂታ ስለሆነ ሙሉ ዳቦ ካየ ሰነበተ።

አንድ ቀን ሀምዲያ ከክፍል ስትወጣ ጠጋ አለቻት።

«ቲቸር፣ አባባ ሊሞት ነው።»

«በስመአብ! ምን ሆኖ?»

«ምንም አልሆነም። ኃይሌ ነው ያለው። እንግዶቹ ሲመጡ ‹አባቴ ሞቷል፣ ኳስ ነው የሚያጽናናኝ› በይ አለኝ። ለዚያ ቀን ብቻ ነው አለ።»

ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየች። የሀምዲያ አባት አቶ አብዲሳ ማጠቢያው ጋ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። በዓለም ላይ ከእሱ የበለጠ በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ጎረቤት ቀበሌ አሪቻ ላይ ልጆች ለሚያሰለጥነው በፍቃዱ ደወለች።

«በፍቄ፣ ልጆችህ ኮንጋን ይፈራሉ አሉ?»

«ማነው ያለው?»

«አገሩ ሁሉ። ውሸት ከሆነ የፊታችን ሐሙስ ይዘሃቸው ና።»

ሐሙስ፣ እነ ወይዘሮ አመለወርቅ ዳግም ለግምገማ የመጡበት ቀን ነበር። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሀምዲያ መሬት መሬት እያየች «አባቴ ከሞተ ወዲህ...» ብላ ስትጀምር፣ ቁልቁለቱን አንድ አይሱዙ እያጓራ ወረደ። ጭነቱ የአሪቻ ልጆች ነበሩ። «ኮንጋ ፈሪ! ኮንጋ ፈሪ!» እያሉ የመኪናውን ብረት ይደበድባሉ።

ሳዳም ብድግ አለ።

«ቁጭ በል!» አለ ኃይለኢየሱስ በጥርሱ መሃል።

ሳዳም ቁጭ አለ። ይሄኔ ከአይሱዙው የዘለለ አንድ ቀጫጫ ልጅ ይዞት የመጣውን ኳስ እየነዳ ሄዶ ባዶው ጎል ውስጥ ለጋውና እጁን ዘርግቶ ዞረ።

«በሌለሁበት አገባብኝ!» ብሎ ሳዳም ተፈተለከ። ክቡ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥልጠና የወሰደም ሆነ ያልወሰደ ማስቆም አይችልም ነበር። አቧራው ተነሣ። ከማጠቢያው ሠራተኛው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወረደ። ከፊት ከፊት እጁን በሱሪው እየጠረገ የሚሮጠው አቶ አብዲሳ ነው።

«ሀምዲያ! በግራ! በግራ በኩል ባዶ ነው እኮ፣ አታይም?»

ጎሉ አጠገብ የቆሙት ወይዘሮ አመለወርቅ ወደ ሳዳም ዞሩ። «እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?»

«የሀምዲያ አባት።»

«አልሞቱም እንዴ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው የሞቱት» አለ ሳዳም ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

ወይዘሮዋ ወደ ኃይለኢየሱስ ዞሩ። ኃይለኢየሱስ ወደ ሰማይ አየ። ማንጠግቦሽ ከዳር አጨበጨበች።

ጨዋታው አለቀ፤ በማን አሸናፊነት እንደሆነ ሁለቱ ቀበሌዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ወይዘሮ አመለወርቅ ኮኖቹ እንዲደረደሩ አዘዙ። ልጆቹ፣ የአሪቻዎቹም ጭምር፣ አረንጓዴው ላይ ተጋፍተው ደፈጠጡት።

አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ከሞት ስለተነሣ አባት ሪፖርት መጻፍ አልፈለገም። «ፕሮጀክቱ ግቡን መትቶ ተጠናቋል» ብሎ ሸኘው። ኃይለኢየሱስ ሥራውንም ሞተሯንም አስረከበ። ኳሶቹ ለማንጠግቦሽ ቀሩ፣ ልጆቹም።

በመጀመሪያው ልምምድ ማግስት ሀምዲያ ጠየቀቻት። «ቲቸር፣ ዳቦውስ?»

ማንጠግቦሽ ቂሟ ውስጥ ለዳቦው ቦታ አልተወችለትም ነበር። ከደሞዟ ገዛች፤ ወሩ ሳይጋመስ አቃታት። እናቶች በየተራ ጎደሬ እየቀቀሉ ላኩ፤ አንዳንድ ቀን ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን አይደርስም። ጥቂት ልጆች ከኳሱ ይልቅ ለቀማውን መረጡ። ክፍት ቦታቸውን ባየች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል፤ አንጀቷ በተቃጠለ ቁጥር ደግሞ ይህንንም በኃይለኢየሱስ ላይ ትጽፈዋለች። ፍትሐዊ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን እዚያ መጻፉ ይቀላል።

ከአሪቻ ጋር የመልሱ ጨዋታ ሲቃረብ ኃይለኢየሱስ ራሱ መጣ፤ በእግሩ።

«ማንጢ፣ ቂሙ አሁንም አልወጣልሽም?»

«የምን ቂም? ያጣነው ዳኛ ነው። አንተ ደግሞ የተማርክ ሰው ነህ።»

ፊቱ በራ። ይቅር የተባለ መሰለው። ለእሁድ ጥቁር ቁምጣ ተበድሮ መጣ።

ደግ ዳኛም ወጣው። ኳሱን ይከተላል፣ የወደቀ ያነሣል፣ ለማንም አያዳላም። እኩል ለእኩል ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሳዳም የአሪቻውን ቀጫጫ በሁለት እጁ እግሩን ይዞ ጣለው። ኃይለኢየሱስ ፊሽካውን ነፋና ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ትክክል ነበር። ሜዳው ላይ ከእሱ ቀጥሎ ትክክል መሆኑን አጥርታ ያየችው ማንጠግቦሽ ናት።

ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በሳንባዋ ሙሉ ጮኸች።

«ሌባ!»

ቁልቁለቱ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ፣ እናት፣ አባት፣ የማጠቢያው ሠራተኛ፣ ሁሉም ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተቀበላት። «ዳኛው ሌባ! ዳኛው ሌባ!» ተራራው ራሱ መለሰው።

ኃይለኢየሱስ ፊሽካው ከአፉ ወድቆ ወደ እሷ ሮጠ። «ማንጢ! ፍጹም ቅጣት ምት እኮ ነው! አንቺ ታውቂያለሽ!»

«በደንብ አውቃለሁ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከሰላምታዋ ጋር በምትሰጠው በዚያ ሞቅ ያለ ፈገግታ። ከዚያ አየር ስባ ሳንባዋን ሞላችና እንደገና ጮኸች።