የሾፌሩ ብልቃጥ

«ዕጣ አይደለም! ተጠርቶ ነው የሄደው!» አለች ተመራማሪዋ። የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ስትመታው ማንኪያው ዘሎ ወደቀ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

አጎቷ፣ ጡረተኛው ዳኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ምን አልኩ? የወንድምሽ ካንሰር ከቆሽቱ ተነስቶ ጉበቱ ላይ ማረፉ ዕጣው ነው አልኩ። ለማጽናናት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ዕጣ፣ ዕጣ እያላችሁ ነው ሰው የምታስጨርሱት፣ ጋሼ! የካንሰሩ ሴል ገላው ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር አለው፤ ጆሮው በሉት። ጉበት ደግሞ ኬሞካይን የሚባል ምልክት ይለቃል። ጆሮ ያለው ሴል ይሰማል፣ ይሄዳል። ጆሮው ቢደፈን ግን እዚያው በቀረ!»

«ታዲያ ለምን አልደፈንሽለትም?»

ዳኛው ይህን ያሉት ለክፋት አልነበረም። የባሰ ያናደዳትም እሱ ነው። መድኃኒቱ ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም፤ ወንድሟ ደግሞ ተቀብሯል።

ታላቅ ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ይህንኑ የጆሮ ነገር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታስረዳው፣ የሚያመውን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ገባኝ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ‹ጉበት! ጉበት! አንድ ሰው የቀረው!› ሲል፣ የኔ ጉድ ሰምቶ ተሳፈረ በይኛ።»

ለምርመራ ከተቆረጠለት ሥጋ የተረፈውን፣ ሴሎቹን በብልቃጥ እንድታሳድግ፣ ለጥናቷ ሰጥቶ የፈረመውም እየቀለደ ነው። «ዕድሜ ልኬን መንገደኛው ቆሽቴን ሲያሳርረው ኖሯል። አሁን ተራው ያንቺ ነው።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አደራሽን፣ መድኃኒትሽን ሳትሞክሪበት በረሃብ እንዳይሞት። ጠላቴን ቀልቢልኝ። ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

የሥራ ባልደረባዋ በለቀስተኛው መሀል አጎንብሶ አልፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የወንድምሽ ብልቃጥ» አለ በሹክሹክታ፣ «ፈሳሹ ከሮዝ ወደ ቢጫ ዞሯል። ምግባቸው እሱ ነው፤ ዛሬ ካልተቀየረ ሴሎቹ ያልቃሉ።»

«አንተ አትቀይረውም ነበር?»

«እኔ? ባለፈው አንዱን ብልቃጥሽን ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ባዞር ሕንፃው እስኪሰማ አልጮሽብኝም? ‹የሰው ብልቃጥ አይነካም› ብለሽ በሩ ላይ የለጠፍሽውስ አንቺ አይደለሽም?»

ወንድሟን አጥንቱ እስኪቀር የበሉት እነዚሁ ሴሎች ናቸው። እሷ እዚህ ተቀምጣ ሻይ ብትጠጣ በቂ ነው፤ በራሳቸው ጊዜ ያልቃሉ። ይለቁ፣ አለች በሆዷ። አንድ ጊዜ እንኳ እነሱም ይራባቸው።

«የማን ብልቃጥ?» አሉ እናቷ ከጎኗ።

ልትዋሽ አሰበች፤ አልሆነላትም። አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

እናት ቀና አሉ። «እና ልጄን ሙሉውን አልቀበርኩትም?»

«እማዬ…»

«ገዳዩን ነዋ የምትቀልቢው!»

«እሱ ነው ያዘዘኝ። ጆሮውን የሚደፍን መድኃኒት እስክሞክርበት።»

«እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው የበሽታው ነው ወይስ የልጄ?»

በዳኛውም፣ በባልደረባዋም፣ በአገር ምድሩም ላይ የምትጮኸው ሴት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሁለቱም ነው፣ እማዬ» አለች።

እናት ባዶውን የሻይ ብርጭቆ በመዳፋቸው አሽከረከሩት።

«ይርበዋል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ይጎልትሻል? ተነሺ!»

ዳኛው አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ እናት ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ተዉት። ተመራማሪዋ በሩ ጋ ስትደርስ እናቷ ከኋላ ተጣሩ። «ከፍሪጅ አውጥተሽ እንዳለ እንዳትሰጪው! ልጄ ቀዝቃዛ አይስማማውም።»

ላቦራቶሪው ውስጥ ለማሞቂያ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ በገንዳው ተዘጋጅቶ ነበር። ባልደረባዋ ገንዳውን በእጁ ሊያሳያት ብሎ፣ ፊቷን ሲያይ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። እሷ አዲሱን ሮዝ ፈሳሽ የያዘውን ጠርሙስ ከፍሪጅ አወጣች፤ ጋዋኗን ከፍታ ብብቷ ሥር አስገባችው። ቅዝቃዜው ሰቀጠጣት። ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እስኪሞቅ ጠበቀች።