የክርኑ ሰላምታ

“ሰዉ መንገድ የሚለቅልኝ ፈርቶኝ እንዳይመስልሽ፤ አክብሮኝ ነው!” አለች ልደት፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ልብስ ከሞተሩ ኋላ እየጠፈረች። “ከፈላና በር እስከ ኤረር በር የእኔን ያህል ሞተር የሚነዳ ወንድ ካለ አምጪና አሳይኝ። ሴቷንማ ተያት፣ የለችም።”

ነጂባ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ክሩን በጥርሷ በጠሰች። “እማማ ዐብላ ትናንት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ያሳለፉሽ አክብረውሽ ነው?”

“ታዲያስ! ባለሥልጣን ሲያልፍም እኮ ሰው ዳር ይይዛል።”

“እብድ ውሻ ሲያልፍም ይይዛል።”

“አቦ ተይኝ!” ልደት እየሳቀች ሄልሜቷን አጠለቀች። ከሄልሜቱ በፊት ግን ማዳመጫዎቹን ጆሮዋ ውስጥ ወትፋለች። ያለ ሙዚቃ መንዳት ለእሷ ያለ በርበሬ ወጥ መብላት ነው።

ልደት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ መንጃ ፈቃድም አላት፣ ያንን ፈቃድ ላላየ ሰው ሁሉ አውጥታ ታሳያለች። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ላይ ትታው አጎቷ እንደሻው አሮጌ ሞተሩን ከሰጣት ወዲህ፣ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የተሰፋውን ልብስ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ከተማ የምታደርሰው እሷ ናት። ዓመት ሆናት። አጎቷ ቁልፉን ሲሰጣት የተናገረው አጭር ነበር፦ “አንድ ሰው መጥቶ ‘ልደት ገፋችኝ’ ያለኝ ዕለት፣ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ።” እስካሁን ማንም አልመጣም። ልደት ይህንን የችሎታዋ ምስክር አድርጋ ነው የቆጠረችው።

“ስሚ፣” አለች ነጂባ፣ አሁን ቀና ብላ። “ዛሬ ቀስ በይ። አንደኛ፣ የሙሽራ ልብስ ነው የያዝሽው፤ ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ካልደረሰ እናቷ እዚህ ድረስ መጥታ ነው የምትገለኝ። ሁለተኛ፣ ጋሼ ያዕቁብ ከጠዋት ጀምረው የመንገዱን አፍ እየቆፈሩ ነው።”

“ምን ሊቀብሩ?”

“ብረት። መሐል ላይ ይተክሉና ሰውና አህያ ብቻ ያልፋል። ሞተር በቃ።”

ልደት ይህን ሰምታለች፤ ግን ወሬ ነው ብላ ነበር። ሰፈሩ በሞተረኛ ከተማረረ ቆይቷል፤ ከጎረቤቱ ሁሉ ብሰው የተማረሩት ደግሞ ጋሼ ያዕቁብ ናቸው። አንዱ የቸርቻሪውን የነስሮን ቲማቲም ረምርሞ አልፏል፣ ሌላው ሰው ለሶላት ሲወጣ በመሐል ሰንጥቆ ሄዷል። እዚህ ሞተረኛ ሲባል ለሰዉ የሚታየው ወይ ቦርሳ ነጣቂ ነው፣ ወይ ጫት ሳይጠወልግበት ለማድረስ የሚከንፍ። ብረቱ ከተተከለ ሞተሯ ነጂባ ደጅ አይደርስም፤ ካልደረሰ ደግሞ ልደትን የሚፈልጋት የለም። ልብሱን በጭንቅላቱ የሚሸከም ሞልቷል።

“እኔን አይመለከትም፣” አለች። “እኔ ሌላ ነኝ።”

ረገጠችና አስነሣችው።

ያ ቀጭን መንገድ ወደ ዋናው ጎዳና ሳይደርስ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይታጠፋል። ሰፈሩ ክርኑ ይለዋል። ሁለቱም ግድግዳ ከመቅረቡ የተነሣ፣ ሰፋ ያለ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አያልፍም። ልደት ክርኑ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ጥሩምባዋን ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ አደረገች። ጆሮዋ ውስጥ ዘፋኙ ይጮሃል፣ ከሥሯ ሞተሩ ይጮሃል። መልስ የሚባል ነገር አልሰማችም። ታጠፈች።

የመጀመሪያው ያየችው የአህያ ግንባር ነው።

ፍሬን ያዘች። ሞተሩ ተንሸራተተ፣ አህያዋ ወደ ኋላ ተፈናጠረች፣ ጭነቱ ግድግዳውን ገጨና ጆንያው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። የማሽላ ዱቄት እንደ ጉም ተነሣ። ጉሙ ሲገፈፍ ልደት በአህያዋና በግድግዳው መሐል በጎኗ ተጋድማለች፣ የሙሽራዋ ልብስ ዱቄቱ ውስጥ ነው፣ አህያዋን ሲነዱ የነበሩት እማማ ዐብላ ደግሞ ክርኑ ጥግ ባለው ደጃቸው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ዳሌያቸውን ይዘዋል።

“ያ ረቢ!” አሉ እማማ ዐብላ። “መጣሁ፣ መጣሁ እያልኩ! ወላሂ ሁለቴ ነው የጮህኩት!”

ልደት ሄልሜቷን አወለቀች። ሙዚቃው ከጆሮዋ ወጥቶ አንገቷ ላይ እየተንጠለጠለ መዝፈኑን ቀጠለ። “እማማ! ተጎዱ? ጥሩምባ ነፍቼ እኮ ነበር!”

“ጥሩምባሽን ሰማሁት። አንቺ ነሽ እኔን ያልሰማሽኝ!”

በሮች ተከፈቱ። ጋሼ ያዕቁብ አካፋቸውን እንደያዙ ደረሱ፤ ከግንባራቸው ላብ ከእጃቸው አፈር ይወርዳል። ነጂባም መጣች፣ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ። ጋሼ ያዕቁብ አሮጊቷን አዩ፣ ዱቄቱን አዩ፣ ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው እንጂ ለልደት ሳይሆን ተናገሩ፦

“አላልኩም? ሞተረኛ ሴት ሆነ ወንድ ያው ነው። ብረቱ ዛሬ ይተከላል! ከእንግዲህ እኔ ከሞተረኛ ጋር አንዲት ቃል አልለዋወጥም። እንደሻውን አውቀዋለሁ፣ አሁኑኑ ነው የምደውልለት።” ስልካቸውን ከኪሳቸው መዘዙ።

ልደት ወደ ሞተሯ ዞረች። ቁልፉ ሞተሩ ላይ ተሰክቶ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

“ስልክህን መልስ፣ ያዕቁብ፣” አሉ እማማ ዐብላ። “የተገፋሁት እኔ። የፈሰሰው የእኔ ዱቄት። ፍርዱም የእኔ ነው።” ሴትዮዋ ዳሌያቸውን እያሹ ልደትን ከላይ እስከ ታች ለኳት፤ ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት ከቅንድቧ ጀምሮ ነጭ ጭንብል አድርጓታል። አፋቸው ሊስቅ ዳር ዳር ሲል ከለከሉት። “ጓዳ ውስጥ ሌላ ማሽላ አለ። ትጭኚና፣ አህያዬን ይዘሽ፣ አስፈጭተሽ ትመጫለሽ። በእግርሽ። ስትመለሺ እንነጋገራለን።”

“ልብሱስ፣ እማማ? ሙሽራዋ…”

“ልብሱን እኔ አራግፋለሁ፣” አለች ነጂባ። “ሂጂ አንቺ፤ ሰዓት አለን። ደግሞ ያንን ዘፈን አጥፊው፣ ሰው የሞተብን ነው የሚመስለው።”

ልደት ጭና መጎተት ጀመረች። አህያዋ ደህና ሄደች፣ ክርኑ ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ጆሮዎቿን ወደ ፊት አደረገች።

“ሂጂ እንጂ!” ገመዱን ሳበች። አህያዋ እንደ ሐውልት ሆነች። “እንዴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተማክራችሁ ነው?”

ከክርኑ ማዶ የወንድ ድምፅ መጣ። “አሰላሙ ዐለይኩም!”

ልደት ገመዱን መሳቧን ቀጠለች። ማንን እንደሚል አላወቀችም፤ ሰውየው አይታይ፣ እሷም አትታየው።

“መልሺ እንጂ!” አሉ እማማ ዐብላ ከደረጃቸው ላይ። “አንቺ እዚህ መኖርሽን በምን ይወቅ? ክርኑ ላይ እኮ ሰው ሳይተያይ ነው ሰላም የሚባባለው። መልስ ከመጣ ትቆሚያለሽ፣ ካልመጣ ታልፊያለሽ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እንዲህ ነው።”

“እ… አለሁ!” ብላ ጮኸች ልደት። “አህያም አለች!”

“ትንሽ ታገሡኝ!” አለ ድምፁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከክርኑ የወጣው መጀመሪያ ሰው አልነበረም፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ነበር። ሰውየው ረጃጅም ቆርቆሮ በጭንቅላቱ ተሸክሞ፣ በጎን በጎኑ እየሄደ አለፈ። ጠርዙ ከግድግዳው ላይ ትንሽ ኖራ ፍቆ ሄደ። ሞተር ላይ ብትቀመጥ ኖሮ አንገቷ የት ጋ እንደሚሆን ልደት በዓይኗ ለካች። አህያዋ ማንም ሳይነካት መንገዷን ቀጠለች።

ወፍጮ ቤት ወረፋው ረዥም አልነበረም። ስትመለስ ዱቄቱ ገና ትኩስ ነው፤ ከጆንያው የሚወጣው ሽታ አስርቧታል። ገበያው ዳር ያለው ቀጭን መንገድ ላይ ግን ከኋላዋ ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ የሚል መጣ። ዞራ ለማየት ጊዜ አልነበራትም። አህያዋን ወደ አንድ በኩል ገፍታ፣ ራሷ ግድግዳው ላይ ጀርባዋን ለጥፋ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች። ሞተሩ ቀሚሷን ነክቶ አለፈ። የሚነዳው ልጅ ሳይዞር አንድ እጁን ከፍ አድርጎ በምስጋና አወዛወዘላት፣ አክብራ መንገድ የለቀቀችለት መስሎት።

“ዱርዬ!” ብላ ጮኸችበት ልደት። “የእብድ ውሻ ልጅ!”

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የነጂባ ሳቅ ጆሮዋ ላይ የደወለ መሰላት። አህያዋን አየቻት። አህያዋም አየቻት።

“አንቺ ዝም በይ፣” አለቻት።

ስትደርስ ልብሱ ተራግፎ፣ በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይጠብቃታል። ነጂባ “ዱቄቱ ወጥቷል፣ አንድ እጅጌ ብቻ ትንሽ የማሽላ ሽታ አለው፤ ሙሽራው ራቡን ይችለዋል” አለች። እማማ ዐብላ ጆንያውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው መፈጨቱን አረጋገጡና ቁልፉን ከመቀነታቸው ሥር አውጥተው ሰጧት። ቁልፉን ማን እንደወሰደው ልደት እስካሁን አላስተዋለችም ነበር።

“ያዕቁብ ጉድጓዱን ጨርሷል፣” አሉ። “ብረቱ ዳሩ ላይ ተጋድሟል። እኔ እስክናገር ብቻ ነው የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ዓይኔን አንቺ ላይ እተክላለሁ።”

ልደት ሞተሩን አስነሥታ ቀስ ብላ ሄደች። ነጂባ ከበሩ ታያታለች፤ እማማ ዐብላ ከደረጃው ያዩዋታል፤ አህያዋ እንኳ ከጓሮው በር አንገቷን አውጥታለች። ከክርኑ ማዶ የጋሼ ያዕቁብ አካፋ የተቆፈረውን አፈርና ድንጋይ ሲጠርግ ይሰማል። ጣቷ ከልማዱ ወደ ጥሩምባው ሄደ። እዚያ ላይ ቆየ።

ከዚያ ሞተሩን አጠፋችው። ወረደች። ሄልሜቷን አውልቃ መሪው ላይ ሰቀለችው፤ ማዳመጫዎቹን ደግሞ ከኪሷ ሳታወጣ ወደ ታች ገፋቻቸው። መንገዱ እንዲህ ጸጥ ሲል ሰምታው አታውቅም፤ የስፌት መኪናዎቹ፣ የሆነ ቤት ያለ ሬዲዮ፣ የአካፋው ድምፅ። ሰው እንዴት እንደሚጣራ ለአፍታ ጠፋት። ቤቷ ቢሆን ጤና ይስጥልኝ ትል ነበር። ክርኑ ግን የለመደው ሌላ ነው።

“አሰላሙ ዐለይኩም!” አለች፣ በደንብ ጮክ ብላ።

አካፋው ቆመ።

ጋሼ ያዕቁብ ከሞተረኛ ጋር ቃል ላለመለዋወጥ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ተናግረዋል። ነገር ግን ሰላምታ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው በዚያ መንገድ አልተወለደም፤ ቢወለድም እሳቸው አይደሉም።

“ወ…ወዐለይኩሙ ሰላም!” አሉ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው። “ቆዪ! አካፋ ይዣለሁ!”

ከክርኑ ሲወጡ ልደት ሞተሯን ግድግዳው ላይ አስጠግታ፣ ራሷ ከኋላው ቆማ መንገዱን ለቃላቸው አገኟት። አዩዋት። ሄልሜቱን አዩ። አካፋውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

“ብረቱ ይቆይ፣” አሉ፣ ለግድግዳው በሚመስል አነጋገር። “ጉድጓዱን ግን አልደፍነውም። ስታልፊ እንዳትገቢበት።”

“እሺ ጋሼ። ለአጎቴም አይደውሉለት፤ ማታ እኔው እነግረዋለሁ። የሆነውን በሙሉ።”

“ቁልፉን ቢቀማሽስ?”

“ይቀማኝ።” ብላ ራሷ ደነገጠች። “ካልቀማኝ ግን ነገም እዚህ ጋ ሰላም እልዎታለሁ።”

ጋሼ ያዕቁብ ጉሮሯቸውን ጠርገው አለፉ። ሲያልፉ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ እንደነበር ልደት አየች፤ ያን ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዋ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደላት። ወርዶ ግን ብዙ ርቆ አልሄደም፤ የቦታው ባለቤት የሆነው ኩራት ወዲያው ተመልሶ ወጣበት። ወደ ደረጃው ዞረች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“አዩኝ፣ እማማ ዐብላ? እውነቱን ይናገሩ እስቲ! በሐረር ሁሉ እንዲህ አድርጎ ክርኑን የሚያከብር ሞተረኛ አይተው ያውቃሉ?”

እማማ ዐብላ ከአህያዋ አንገት ላይ የቀረ ዱቄት በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

“አህያዬ በሳምንት ነው የለመደችው፣” አሉ። “አንቺ ዓመት ፈጀብሽ።”