ወፍራሙ ካልሲ

ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችን የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ፣ «ሴት ልጆቻችን እግራቸውን ገልጠው በእንግዳ ፊት አይሽከረከሩም!» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የምትሽከረከረው የገዛ ልጄ ድርቤ ስለሆነች ለልጁ አዳላ እንዳልባል ነው የቸኮልኩት።

ድርቤ ከሥሩ ትንንሽ ጎማ ባለው ጫማ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ትንሸራተታለች፤ በአንድ እግሯ ቆማ ትሾራለች። ጫማውን ከአገሯ ያመጣችው መምህሯ ሚስ ኢንገር ናት፤ በነቀምቴ ሌላ የለም። ቅዳሜ፣ ለዘውድ በዓል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንዲት ወይዘሮ ልጆቹን አይተው አንዷን ለስፖርት አስተማሪነት ሊያሠለጥኑ ይወስዳሉ ተብሏል። ልጄ ክረምቱን ሙሉ የለፋችው ለዚህች ቀን ነው።

ሚስ ኢንገር እኛን ሽማግሌዎቹን ልታስደስት የሰውነት ቀለም ያለው ስስ ስቶኪንግ ሰጠቻት። የማን ሰውነት? የራሷ የሚስ ኢንገር! ድርቤ ስታጠልቀው ከወገቧ በላይ የነቀምቴ ልጅ፣ ከወገቧ በታች ፈረንጅ ሆነች። ከሩቅ ላየው ራቁት እግር ነው። «አይሆንም» አልኳት።

ገበያ ወጣሁ። ጉራጌው ነጋዴ መሸሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የኳስ ካልሲ ዘረጋልኝ፤ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ሱፍ።

«ኦቦ ተረፋ፣ ለጠባብ ጫማ ከሆነ ስሱ ይሻልዎታል» አለኝ።

ስሱን ወደ ብርሃን ይዤ እጄን ከተትኩበት። ጣቶቼ ታዩ። ሕጉን ያወጣሁት ሰውዬ ጣት የሚያሳይ ካልሲ ይዤ ልግባ? ደግሞ ወፍራሙ ስትወድቅም ይደግፋታል አልኩ። ስለ ጫማው ምን አውቄ!

ድርቤ ሞከረችው። ጫማው እንቢ አለ። ተንበርክኬ ማሰሪያውን በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩት፤ ገባ።

«አባኮ፣ ጣቶቼ አይታወቁኝም» አለች። «ሳይታወቁኝ እንዴት እዞራለሁ?»

ዓርብ ጠዋት እየሮጥኩ መሸሻ ጋ ተመለስኩ። ስሱን የኳስ ተጫዋቾች ጠራርገው ወስደውታል።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ወይዘሮዋ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከሽማግሌው ዋቅወያ ጎን ነኝ። ሚስ ኢንገር መጥታ ያንን ስቶኪንግ ከቦርሳዋ ብቅ አድርጋ አሳየችኝ። በዓይኗ ለመነችኝ። ከወዲያ ድርቤም አየችኝ። «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንዲት ቃል! ዋቅወያ ጉሮሮውን ጠረገ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

ድርቤ ገባች። መጀመሪያው ዙር ላይ ወደቀች። ተነሳች። በአንድ እግሯ ልትሾር ስትል እንደገና ወደቀች። ሦስተኛ ጊዜ አልተነሳችም፤ ሲሚንቶው ላይ እንደተቀመጠች ማሰሪያውን ትፈታ ጀመር። ወይዘሮዋ ፊታቸውን ወደ ቀጣዮቹ ልጆች አዞሩ።

ልነሳ ፈለግኩ። ዋቅወያ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረና በጆሮዬ፣ «ገለቶማ፣ ኦቦ ተረፋ» ብሎ አመሰገነኝ። «እግሯ ምንም አልታየም።»

«አልታየም» አልኩ።