የተጨበጨበለት ለቅሶ

ስምንት ዓመት ሙሉ ወሲላ እህቷን በስሟ አልጠራቻትም። «ያቺ ሬሳ ተጫዋች» ነበር የምትላት። አሁን እህቷ ሃጀር መኪና ገጭቷት የእውነት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ወሲላ አንዲት ዘለላ እንባ አልጣለችም።

«ኧረ ትንሽ እንኳ አልቅሺ፣ ሰው ምን ይላል?» አለቻት ጎረቤቷ ቡርኒያ፣ የኩስኩሱን ሳህን እያስቀመጠች። ለቅሶ ቤት እሳት አይነድምና ሦስቱንም ቀን ያበሰለችው እሷ ናት።

«ድሮ ተለቅሶላታል። ሰው ስንቴ ይለቀስለታል?»

ቡርኒያ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። ኤል ካፍ ከተማ ውስጥ ያንን ጉድ ያልሰማ የለም።

ሃጀር ቱኒስ ወርዳ ክዋኔ ጥበብ የሚሉትን ትሠራ ነበር። ሥዕል አይደል፣ ዘፈን አይደል፤ ሰው ፊት ቆማ በገዛ ገላዋ አንድ ነገር መሆን ነው። አንዴ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ጎርሳ ቆመች አሉ። ይሁን፤ አፉም የራሷ፣ ድንጋዩም የራሷ። ኋላ ግን በከፈን ተጠቅልላ አዳራሽ መሃል ሬሳ ሆና ተኛች። ለእናታቸው ለዞህራ ስልክ ተደወለ፤ «ልጅዎ ሞታለች፤ ይምጡ።» ዞህራ ጫማ እንኳ ሳታጠልቅ ታክሲ ተሳፍራ ሄደች። ሬሳው ላይ ተደፍታ ፊቷን ነጨች፣ ሙሾ አወረደች። ቀና ስትል ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ከብበው ያጨበጭቡላታል። ሃጀርም ከከፈኑ ወጥታ ቁጭ አለች። ያን ዕለት የእናትየው ምላስ ተያዘ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሃጀር ለእናቷ ለቅሶ ስትመጣ ወሲላ በር ላይ ቆማ፣ «ሬሳ አላስገባም» ብላ መለሰቻት።

ከሰዓት በኋላ የሃጀር የሥራ ጓደኛ ስሊም ከቱኒስ መጣ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንሾካሾከ።

«እትዬ ወሲላ፣ ለአርባዋ የዚያን ቀን ፊልም ልናሳይላት አስበናል። እናትዎ የሚያለቅሱበትን። ከሠራነው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።»

«ከሠራነው? አንተ ደግሞ ምን ሠራህ?»

ስሊም አንገቱን ደፋ። «የደወልኩት እኔ ነኝ። ሃጀር አታውቅም ነበር። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ደነገጠች፤ ግን አልተነሳችም። ኋላ፣ ‹ተኝቼ ቀርቻለሁና ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለእህቴ እንዳትነግር› አለችኝ።»

ወሲላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ይኼኛው በተንኮሉ፣ ያቺኛዋ በዝምታዋ፤ ሁለቱም ስምንት ዓመት አታለዋታል። የተረገመችው እህቷ ናት፤ የሚረገመው ግን እዚህ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

«እናት አለችህ?»

«አለች። ስፋክስ ከተማ ነው የምትኖረው።»

«እስቲ ስልክህን።»

ፊልሙን ልታይ መስሎት ሰጣት። ወሲላ ፊደል ብዙም አልቆጠረችም፤ «እማዬ» የሚለውን ግን ፈልጋ አገኘችው። ነካችው።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው? ልቧ ደካማ ነው!»

«የኔዋ እናት ልብ ብረት ነበረ? ሬሳ ሆነህ ተኛ! ይኸው ፍራሽ። ጠሪዋ እኔ ነኝ።»

«አላሳይም! ፊልሙን አቃጥለዋለሁ፣ በእናቴ!»

«በእናትህ ነው እንጂ፣ ታዲያ በማን!»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩዋቸው።

«አቤት፣ የኔ ልጅ?» አለ ከስልኩ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ።

ወሲላ አፏን ከፈተች። «ልጅዎ ሞቷል፤ ይምጡ» ልትል ነበር፤ ቃሉን ግን መልሳ ዋጠችው።

«እናቴ፣ እኔ ወሲላ ነኝ። የሃጀር እህት። ልጅዎ ከኔ ጋ ነው።»

«ምነው? ምን ሆነብኝ?»

«ምንም አልሆነም። ደህና ነው። አይዞዎት፣ ይኸው ዓይኔ እያየው፣ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሴትየዋ፣ ትንፋሿ እስኪሰማ።

«ደህና ነው» አለች ወሲላ እንደገና፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ደህና ነው።»

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮዋ አላወረደችውም።