ባቡር ነጂው በእግሩ

«ጫማሽን አውልቂ!» አለቻት ታላቅ እህቷ በሩ ላይ ቆማ። «የት ልትሄጂ ነው? ሳሎኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ!»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ እንዳለች የጫማዋን ክር ማሰር ቀጠለች። «የድሮው የባቡር ሐዲድ መንገድ ድረስ ነው እትዬ። ደርሼ እመጣለሁ።»

«ባልሽን ከቀበርሽ ሳምንት ሳይሞላ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?»

ሰውማ ማለት ጀምሯል። ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ ሁለት ጎረቤቶች ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። «እንባ እንኳ የላትም። ጭራሽ ስትስቅ በዓይኔ በብረቱ አየኋት» ትላለች አንደኛዋ። እውነቷን ነው፤ ስቃለች። የባሏ የድሮ ባልደረባ ትኬት ቆራጩ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሟቹን ጨዋታ ሲያነሳ ሳቁ ሳታስበው አመለጣት።

ባሏ ባቡር ነጂ ነበር። ከቤት ሲወጣም ሲገባም ስለሚያፏጭ ሰፈሩ ሁሉ «ፊሽካ» ይለው ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሐዲዱ የተነቀለ ቀን ግን ፉጨቱም አብሮ ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ ጠጠር አልብሶ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ድልድዩን ዳርና ዳር አጥሮ የእግር መንገድ ሲያደርገው «እኔ ባቡር በነዳሁበት ውሻ ሊያንሸራሽሩበት!» ብሎ ተንገሸገሸ። ያን መንገድ ላለማየት ሲል ገበያ የሚሄደው በጡብ ፋብሪካው በኩል ዞሮ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። ቤት ሲሆን ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ይላል። እሷም ዓመታት ያንን ዝምታ ስትሰፋ ኖረች።

አንድ እሑድ ጠዋት መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። «እኔ መንገዱን ላየው ነው» አለችው።

«ብቻሽን? ዋሻ አለበት እኮ!»

«ባቡር የለበትም አይደል? ምን እንዳይገጨኝ ነው?»

ሳይወድ ሳቀና እጁን ወደኋላ አጣምሮ ተከተላት፤ የሰው ጥፋት ሊፈልግ የመጣ ተቆጣጣሪ ይመስል ነበር። ጠጠሩ ሻካራ ነው፣ አግዳሚው ወንበር አጭር ነው እያለ ሲነጫነጭ ቆይቶ ድልድዩ መሀል ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው የሚሰማኝ?»

«ወንዙ ነዋ።»

«ይሄ ወንዝ ድምፅ አለው?»

ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት በሞተሩ ጩኸት አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል እያየ እንደ ልጅ ፈዘዘ።

ከዋሻው ማዶ፣ ባቡር እየነዳ ሲያልፍ ልብስ እያሰጣች ሁልጊዜ እጇን የምታውለበልብለት ሴት ነበረች። ያን ቀን ግቢዋ በር ላይ ቆሞ ማንነቱን ሲነግራት ከላይ እስከ ታች አየችውና «ውይ! እኔ እኮ ረጅም ሰው ነበር የሚመስሉኝ!» አለችው። ትኬት ቆራጩ ሳሎን ውስጥ ያነሳት ጨዋታ ይቺ ነበረች።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚለብሰው እሱ ሆነ። በትዳራቸው ሙሉ ያላወሩትን ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ አወሩት። ሥራ ላይ ሳለ ደክሞት እየገባ የሚተኛ ባል ነበራት፤ በስተርጅና ግን ወሬኛ ባል አገኘች። ሲሞት የቱንም ያህል ቢከፋትም ያ ደስታ አንጀቷ ውስጥ ቀርቷል። ይህን ደግሞ ለማን ትንገረው?

«እትዬ፣» አለች አሁን ቀና ብላ፣ «እዚያ ሳሎን ስቀመጥ የሚታየኝ አልጋው ላይ ቀዝቅዞ ሳገኘው ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ያሳለፍነው አልመጣ አለኝ። ስለማልወደው ነው ያላለቀስኩት?»

እህቷ ወደ ሳሎኑ ዞር ስትል ትኬት ቆራጩ ሁሉን ሰምቶ ኖሮ ከወንበሩ ተነሳ።

«ሂዱ፤ እንግዶቹን እኔ እይዛለሁ» አለ። «እኔ ሳልፈቅድ የትም የሚሄድ የለም። ሥራዬ አይደል!»

እህትየዋ ሻርፗን ከማንጠልጠያው መንጭቃ አወረደች። «ብቻሽንማ አትሄጂም።»

ፀሐዩ ለስላሳ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የኮክ ዛፎች አብበው አበባው ጠጠሩ ላይ ረግፏል። ብስክሌት የሚነዱ ባልና ሚስት ደወል እያሰሙ አለፏቸው። እህትየዋ ከኋላ ቁና ቁና እየተነፈሰች «አገሩ እንዲህ ያምራል እንዴ?» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ድንገት ቆመች። እግሯን አየችው። ምንም ሳይደክማት እርምጃዋ አጭር፣ ዝግ ያለ ነበር። ባለፈው ዓመት ፊሽካን ጉልበቱን ያመው ነበር። እሱ አመመኝ የሚል ሰው ስላልነበረ እሷ ሳትነግረው እርምጃዋን አሳጠረችለት። እሱ ደግሞ የደከማት እየመሰለው «ደከመሽ አይደል? ቀስ እንበል» ይላት ነበር። እሷም «አዎ» ትለዋለች።

አሁን እርምጃዋን ዘርጋ አድርጋ ሞከረችው። እግሯ ታዘዘላት። ከጎኗ ግን ማንም አልነበረም።

«ለእኔ ብለሽ ነው እንዴ የቆምሽው?» አለች እህቷ እየደረሰች።

«አይ፣ ደክሞኝ ነው እትዬ» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «ቀስ እንበል።»

የእህቷን ክንድ ያዘችና በዚያው በአጭሩ እርምጃ ቀጠለች።